የላንድሮቨሯ የኋላ ወንበር

አሮጌ መኪና ገዝቶ ለማደስ የሚያስብ አንባቢ ካለ ይህን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። አንብቦ ጨርሶም ከገዛ ግን የኔ ቢጤ ነውና ምክር አያድነውም።

ደምሴ እባላለሁ። ነገሩ በደረሰብኝ ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የመንዝ መንደር የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ባለቤቴ አስካለ የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ታሠራለች። እናቷ እማማ አጸደ ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ትንሽ የገብስ መሬት፣ ጥቂት በጎች፣ እማማ አጸደ ለሠርጋችን የሰጡን አንዲት በቅሎም ነበረችን። በቅሎዋን «ነበረችን» የምለው በምክንያት ነው።

ላንድሮቨሯን መጀመሪያ ያየኋት በሕፃንነቴ ነው። የዚያን ዘመን ገዥ በእሷ ተቀምጠው ወደ መንደራችን ሲመጡ፣ መኪና የሚባል ነገር በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነበር። ሲመለሱ ከኋላዋ እየሮጥኩ፣ አቧራዋን እየጠጣሁ፣ ወንዙን እስክትሻገር ሸኘኋት። ከዚያ መንግሥት ተለወጠና ገዥው ሄዱ፤ መኪናዋ ቀረች። ደግሞ መንግሥት ተለወጠ፤ እሷ አሁንም ቀረች። አንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ውስጥ ሸራዋ ተቀዶ፣ ጎማዋ በስብሶ፣ ኮፈኗ ሥር ዶሮ እየፈለፈለ ስትኖር አንድ ቀን የጨረታ ማስታወቂያ ተለጠፈባት።

ሰው እንዳይቀድመኝ ፈርቼ ሁለት ፖስታ አስገባሁ። አንዱን በራሴ ስም፣ ሌላውን ከፍ ባለ ዋጋ በአስካለ ስም። ፖስታው ሲከፈት ከሁለታችን በቀር ተወዳዳሪ አልነበረም። አስካለ አሸነፈችኝ። መኪና መግዛቷን የሰማችው እኔ ቤት ገብቼ እንኳን ደስ ያለሽ ስላት ነው።

አሮጌ መኪና ለማደስ ሰው የሚጠይቀው የጎማውንና የባትሪውን ዋጋ ነው። እኔም እሱን ጠይቄ ነበር፤ የተነገረኝም እውነት ነበር። ያልተነገረኝ ሌላው ነው። በቅሎዋ ሄዳ ሁለት የፊት ጎማ ሆነች። ለወጥ ቤቱ ክዳን የተገዛው ቆርቆሮ ለመኪናዋ ዳስ ሆነ፤ አስካለ ከሚያፈስ የጓሳ ሣር ክዳን ሥር ስታበስል መኪናዋ ከዝናብ ተጠልላ ቆመች። ለባና የተሰበሰበው ጠጉር የሾፌሩ ወንበር ውስጥ ገባ። ሽመልስ የሚባል መካኒክ ከደብረ ብርሃን በየሦስት ወሩ እየመጣ አንድ ሳምንት ይሰነብታል፤ አንድ በግ ይበላል፤ ሲሄድ ታዲያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይናገራል።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን፣ መምህር።»

እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ለፋሲካ ትነሳለች» እላለሁ። ሦስት ፋሲካ አለፈ። የመንደሩ ሰው በመጨረሻ መኪናዋን ራሷን «ፋሲካ» ብሎ ሰየማት።

ራዲያተሯ እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር። ሽመልስ ቢበይደው፣ ቢደፍነው፣ ቢሳደብበት አልያዘም። እማማ አጸደ በሩ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና፣

«አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ውሃ ይይዛል እንዴ? አንድ እፍኝ ተልባ አድርግበት» አሉኝ።

«እማማ፣ ይኼ እንስራ አይደለም እኮ» ብዬ ሳቅሁ። የሳይንስ መምህር ነኛ! ሽመልስ የሄደ ዕለት ግን ማንም ሳያየኝ አንድ እፍኝ የተወቀጠ ተልባ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። በአራተኛው ፋሲካ ማግስት መኪናዋ ተነሳች፤ ከዳሱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄዳ ተመለሰች። ሴቶች እልል አሉ። ራዲያተሩ በምን እንደ ዳነ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ። የገጠመኜ ሥር እሱ ነው።

በመንደራችን የቃሬዛ ማኅበር ነበር። ሰው ሲታመም ዳኛው ጥሩንባ ይነፋል፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል። አራት አራት እየሆኑ ታማሚውን በቃሬዛ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ አጥቢያቸው ሲያልቅ ጥሩንባ ነፍተው ለሚቀጥለው አጥቢያ ሰዎች ያስረክባሉ። እንዲህ እየተቀባበሉ ሐኪም ወይም መኪና ያለበት ያደርሳሉ። የኛ ቃሬዛ ሁለት ረጃጅም የጥድ አጣና ያላት፣ በበሬ ቆዳ ጠፍር የተጠፈረች፣ የስንት ሰው ነፍስ ያተረፈች ናት። ዳኛው ጋሼ ወንድይፍራው ይባላሉ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው።

እኔ ደግሞ ለመኪናዋ የኋላ መቀመጫ ጠፍር አጥቼ ነበር። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁና ንግግር አደረግሁ። «ወገኖቼ፣ ዘመን ተለውጧል። ሰው በሰው ትከሻ የሚሄድበት ጊዜ አልፏል። ከእንግዲህ የታመመ ሁሉ በኔ መኪና ይሄዳል። ነዳጁም ከኔ ነው።»

ጋሼ ወንድይፍራው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መኪናዋ ትነሳለች?»

«ለፋሲካ።»

«ለየትኛው ፋሲካ?»

ሰው ሳቀ። ይሁንና የተማረ ሰው ቃል ነውና ተቀበሉኝ። ማኅበሩ እንዲፈርስ ተስማሙ። ጋሼ ወንድይፍራው ቃሬዛዋን በገዛ እጃቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ታማሚ የምትወስደው አንተ ከሆንክ እሷም ካንተ ጋር ትሁን» አሉኝ። ወስጄ በመኪናዋ የኋላ ጎን አጋድሜ በሽቦ አሰርኳት። መቀመጫ ሆነች፤ ለክፉም አልሰጠች። አጣናዎቹ ብቻ ረዝመው እጀታቸው በኋላ በር በኩል ክንድ ያህል ወጥቶ ቀረ። ሽመልስ ይቁረጠው ብለን ስንጠብቅ እሱ መጋዙን ረስቶ መጣ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን፣ መምህር፤ መጋዝ» አለኝ። እስኪያመጣ ድረስ ሕግ አክባሪ ነኝና እጀታዎቹ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩባቸው።

ኅዳር ገባ። ገብስ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው። የሞላሌ ገበያ በሚውልበት ቀን ጠዋት እማማ አጸደ ከመኝታቸው አልነሣ አሉ። ሌሊቱን ሆዳቸውን ቆርጧቸው አድሯል፤ ሰው አልቀሰቅስም ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው ነው ያደሩት። አስካለ ሮጣ የመንደሩን ጤና ረዳት ጠራችው። ከታች በቀኝ በኩል ሆዳቸውን ጫን አድርጎ ሲለቀው ጮኹ። እማማ አጸደ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

ጤና ረዳቱ ወደ ውጭ ወሰደን። «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል። እዚህ የምንሠራው ነገር የለም፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን ደርሰው ኦፕራሲዮን መሆን አለባቸው። ካደሩ ይፈነዳል።»

«ከፈነዳስ?» አለች አስካለ።

እሱ ለሆስፒታሉ የሚሰጥ ወረቀት መጻፍ ጀመረ።

የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ አልፏል። ሌላ የሚመጣው ነገ ነው። ሞላሌ ገበያ የመጡት አይሱዙዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳሉ፤ ሞላሌ ግን አምስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ያን ጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጋሼ ወንድይፍራው ወሬውን ሰምተው ጥሩንባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። «ልንፋው?»

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። እናቷ ለሞት የቀረቡባት ሚስቴ አጠገቤ እያለቀሰች እኔ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አራት ዓመት የተሳቀብኝ ሰው ነኝ፤ ቀኔ መጣ አልኩ።

«ምን ሊያደርግ ይነፋል ጋሼ? ፋሲካ አለች። ሞላሌን ከሰዓት በፊት አልፌ በቀጥታ ደብረ ብርሃን ነው የማደርሳቸው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥሩንባውን አልነፉም።

ወደ ዳሱ ሮጥኩ። ውሃ ሞላሁ። ክዳኑን ልዘጋ ስል ተልባው ትዝ አለኝ። አንድ እፍኝ እስከ ቤተ ክርስቲያን ካደረሰ ለደብረ ብርሃን አንድ እፍኝ ይበቃል? ለመተማመኛ ሁለት እፍኝ ጨመርኩ። ወዲያው ደግሞ እጄ ላይ የቀረውን አራግፌ ከተትኩ። ከፊት የሚገባውን የማስነሻ ብረት በእጄ ሳዞረው ሞተሩ በሁለተኛው ዙር ተነሳ። ሰው ሁሉ ተገርሞ አየኝ። እማማ አጸደን በባና ጠቅልለን ቃሬዛዋ ላይ አስተኛናቸው፤ አስካለ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ሦስት ሰዓት ላይ ጥሩንባዬን ሁለት ጊዜ ነፍቼ ወጣሁ። የኔ ጥሩንባ የመኪናዋ ነው፤ ቅድመ አያቶቻችን ያልነፉት።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ያማሩ ነበሩ። ሜዳውን ስናቋርጥ አውድማ ላይ ያሉት ሰዎች መንሻቸውን አቁመው ያዩናል። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ነገር ብቅ አለ። ጉም ነው ብዬ ነበር፤ መንዝ ጉም አይጠፋበትም። ጉሙ ግን የገንፎ ሽታ ነበረው።

ቆምኩ። ክዳኑን በነጠላዬ ይዤ ስከፍተው ውሃ አይደለም የወጣው፤ ወፍራም፣ የሚንቦጫረቅ፣ ቡናማ ነገር ነው።

«ምንድነው?» አሉ እማማ አጸደ ከኋላ በደከመ ድምፅ።

«ምንም አይደል እማማ። ትንሽ ሙቀት ነው።»

«ተልባ ሸተተኝ።»

ክዳኑን በነጠላዬ መጥረግ ያዝኩ።

«ጨመርክበት?»

«ጨመርኩ፣ እማማ።»

«ስንት እፍኝ?»

«ሁለት... ሦስት ይሆናል።»

እየቃተቱ ቀና ለማለት ሞከሩ። «አንድ ነው ያልኩህ! አንድ! ሸክላ ይሟሻል እንጂ ገንፎ ይገነፋበታል እንዴ? ወይ የኔ ነገር፣ የተማረ ሰው መስሎኝ!» አሉና ሕመሙ መለሳቸው። አስካለ «እማዬ አትናገሪ፤ ያደክምሻል» አለቻቸው። ወደኔ ግን አላየችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከምንጭ በጄሪካን ውሃ አመጣለሁ፤ እሞላለሁ፤ ትንሽ እንሄዳለን፤ ይፈላል፤ እንቆማለን፤ እስኪበርድ እንጠብቃለን። አምስት ጊዜ ቆምን። በእያንዳንዱ ማቆሚያ የእማማ አጸደ ፊት እየተለወጠ ሄደ። በመጀመሪያው ይሰድቡኝ ነበር። በሦስተኛው መሳደቡን ተዉ። በአራተኛው ከንፈራቸው ደርቆ የማርያምን ስም ብቻ ይጠሩ ነበር። ስድባቸውን እንዲያ የምናፍቅ አይመስለኝም ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ረጅሙ ዳገት ሥር ደረስን። ማርሽ ለውጬ ጥቂት እንደወጣሁ ከሞተሩ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ብረት ብረትን ሲነክሰው የሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ጸጥ አለ። መኪናዋ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ ፍሬን ረግጬ ዘልዬ ወርጄ ድንጋይ አስገባሁላት። የማስነሻውን ብረት አስገብቼ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። አልነቃነቅ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ሦስተኛ ሞከርኩ፤ መዳፌ ተልጦ ደማ።

አስካለ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። አልጮኸችም።

«ደምሴ፣ እናቴ ልትሞት ነው።»

«ሌላ መኪና ያልፍ ይሆናል።»

«ደምሴ፣ በቅሎዋን ስትሸጥ ዝም አልኩህ። ቆርቆሮውን ስትወስድ ዝም አልኩህ። እናቴን ግን...» አለችና ወደ መኪናዋ ኋላ ተመለሰች።

መንገዱን ወደላይ አየሁ፤ ባዶ ነው። ወደታች አየሁ። ከሩቅ፣ እኛ በመጣንበት በኩል፣ አንድ አሥር ሰዎች በፍጥነት ይራመዳሉ። ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመዋል። ከፊት የሚመራቸው ቀጭን ሰው በብብቱ የሚያብለጨልጭ ነገር ይዟል።

ጋሼ ወንድይፍራው ነበሩ። ላባቸው በፊታቸው ይወርዳል። ደርሰው ላንድሮቨሯን ዞር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ እኔን።

«ጋሼ፣ እንዴት መጣችሁ?»

«በእግራችን። አንተ ስትወጣ ከኋላህ ነው የተነሣነው።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ መንገድ ላይ ነበርን። እነሱ እህል ሳይቀምሱ በእግራቸው፣ እኔ አራት ዓመት ያደስኳት መኪና ውስጥ፣ እኩል ደረስን።

«ማኅበሩ ፈርሷል እኮ» አልኩ። ለምን እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም። ኀፍረት ያናግራል መሰለኝ።

«ቃሬዛው ነው እንጂ የተወሰደው፣ ሰዉ አለ» አሉና ወደ ኋላ በሩ ሄደው ቀዩን ጨርቅ በጣታቸው ነኩት። «እጀታዋን አልቆረጥከውም?»

«መጋዝ ጠፍቶ ነው።»

«ተመስገን» አሉ።

ፒንሳና ካቻቢቴ አውጥቼ ሽቦውን መፍታት ጀመርኩ። ያን ያህል አጥብቄ ያሰርኩት እኔው ነኝ። አንዱን ፈትቼ ሌላው ሲያስቸግረኝ ከመካከላቸው አንዱ «አይዞህ መምህር፣ ቀስ በል» አለኝ። ያ ሰው ከሁሉ አብልጦ ይስቅብኝ የነበረ ነው። ያን ቀን ማንም አልሳቀብኝም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

እማማ አጸደን እንደተኙ ከነመቀመጫው ስበው አወጧቸው። አራቱ አነሡ። የቀረነው ከኋላ ተከተልን። እኔም ትከሻዬን ልሰጥ ጠጋ ስል ጋሼ ወንድይፍራው በዱላቸው ከለከሉኝ።

«የታማሚ ቤተሰብ አይሸከምም፤ ሕግ ነው። ልቡ ከታማሚው ጋር ስለሆነ ይደነቃቀፋል። ደግሞ አንተ አባል አይደለህም።»

ስለዚህ ዳገቱን የወጣሁት የእማማ አጸደን ጫማ በአንድ እጄ ይዤ ነው። ኪሴ ውስጥ ደግሞ የራዲያተሩ ክዳን ነበር፤ መቼ እንደከተትኩት አላስታውስም፤ ጭኔን ያቃጥለኛል።

ከዳገቱ አናት ላይ ጥሩንባው ተነፋ። ከወዲያኛው አጥቢያ አውድማ ላይ የነበሩ ሰዎች መንሻቸውን ጥለው ገለባ በራሳቸው ላይ እንደተነሰነሰ እየሮጡ መጡ። ታማሚዋ ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ የጠየቀ የለም። አንዱ «በየት በኩል ነው ሕመማቸው?» ብሎ በዚያ በኩል እንዳይነካቸው ቦታውን አስተካከለ፤ በቃ። እነሱም ደግሞ ለሌሎች አስረከቡ።

የመጨረሻው ዳገት ላይ ያገኘናቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ገበያ ሄደዋል። የኛዎቹም ደክመው ነበር። ጋሼ ወንድይፍራው ፀሐይዋን አዩ፣ ሰዎቹን አዩ፣ በመጨረሻም እኔን አዩ።

«በል ና። ትከሻህን ስጥ።»

ጫማውን ለአስካለ ሰጥቼ ከኋላ በስተግራ ገባሁ። የጥዱ አጣና አጥንቴ ላይ ሲያርፍ ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስንት ጊዜ ሌላው ሲሸከመው አይቻለሁ፤ ከብዶ ግን አልታየኝም። ጥቂት እንደሄድን ከላይ የእማማ አጸደ ድምፅ ተሰማ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነው የሚናገሩት።

«ማነው በግራ ያለው? ያንገጫግጨኛል።»

«መምህር ናቸው» አለ ከፊቴ ያለው ሰውዬ።

እማማ አጸደ ባናውን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉ። «ገባኝ። ይሁን፤ ከመኪናው ይሻላል።»

ዳገት ላይ፣ አጣና ትከሻዬ ላይ ሆኖ፣ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ተሳደቡ፤ እንግዲያው በሕይወት አሉ።

ሞላሌ ስንገባ ገበያው ተበትኗል። የመጨረሻው አይሱዙ በጎች ጭኖ ሞተሩን አስነሥቷል። ጋሼ ወንድይፍራው ከሩቅ ጥሩንባቸውን ነፉ፤ ሾፌሩ የቃሬዛ ጥሩንባ የሚያውቅ የአገሩ ሰው ነበርና ሞተሩን አጠፋ። ጋቢና ውስጥ የነበሩትን አውርዶ እማማ አጸደንና አስካለን አስገባ። እኔ ከላይ ከበጎቹ ጋር ወጣሁ። ወደታች ሳይ ሰዎቹ ባዶዋን ቃሬዛ ትከሻቸው ላይ አድርገው የመልሱን መንገድ ጀምረዋል፤ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። አመሰግናለሁ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ መኪናው ተነቃንቋል።

ደብረ ብርሃን ደርሰን እማማ አጸደ ያንኑ ዕለት ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሐኪሙ በማግሥቱ «ትንሽ ብትዘገዩ አበቃ ነበር» አለን። እማማ አጸደ ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት «ወደ ቤት የምንመለሰው በምንድነው?» ብለው ነው። በአውቶቡስ ስላቸው ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስንመለስ ከአውቶቡሱ መስኮት ፋሲካን አየኋት። እዚያው ዳገት ሥር ቆማለች፤ አንዱ አህያውን ከፊት መከላከያዋ ላይ አስሮ ሄዷል። አስካለ አየችና «ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለች» አለች። በሁለት ጥማድ በሬ አስጎትቼ ቤት አደረስኳት። ሽመልስ መጣ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ረጅም ጊዜ አየ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን፣ መምህር» አለኝ። «ሞተሩ።»

ያን ጊዜ ማኅበሩ እንደገና ተሰበሰበ፤ የተሰበሰበውም እኔ ቤት፣ በቆርቆሮው ዳስ ሥር ነው። ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ንግግር ማድረግ ለምዶብኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከሁለት ቃል በላይ አልወጣልኝም። አባል እንድሆን ለመንኩ። ጋሼ ወንድይፍራው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ፈረዱ።

«ተቀብለነዋል። ነገር ግን ቃሬዛዋ ከእንግዲህ ከዚህ ዳስ ሥር ትቀመጥ፤ ዝናብ አይንካት። መኪናዋ ውጭ ትሁን።»

«መኪናዋ ዝገት ይበላታል እኮ ጋሼ» አልኩ። አመል አይለቅም።

«ባለቤቷን እንጠይቅ» አሉና ወደ አስካለ ዞሩ፤ ጨረታውን ያሸነፈችው እሷ ናትና።

«ውጭ ትሁን» አለች አስካለ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ጋሼ ወንድይፍራው አርጅተው ጥሩንባውን ለኔ ሰጥተውኛል። እሳቸውንም በመጨረሻ ጊዜያቸው ተሸክሜያለሁ፤ ከፊት በስተግራ፣ ሳላንገጫግጭ። እማማ አጸደ እስካሁን በሕይወት አሉ። በረዶ በጣለ ቁጥር በር ላይ ወጥተው ፋሲካን ያዩና «ተልባ ጨምርላት» ይሉኛል።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ አሮጌ መኪና ማደስ መጥፎ ነው አልላችሁም። ሰው የሚወደውን ነገር መውደዱ ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ዛሬ ድረስ ሳልፍ ኮፈኗን ዳሰስ አደርጋለሁ። የምላችሁ ግን፣ ዕቃ ሲጠፋ ከየት እየፈታችሁ እንደምትገጥሙላት ተጠንቀቁ። ጎማው ከሚስቴ በቅሎ መጣ፤ ዳሱ ከወጥ ቤቷ መጣ። መቀመጫው ደግሞ ከመንደሩ ሁሉ ትከሻ ላይ ነበር የተፈታው፤ ያን ጊዜ ስፈታው ግን አንድ ቁራጭ ጠፍር ብቻ ነበር የመሰለኝ።

የሚገዛ ካለ ፋሲካን እሸጣለሁ፤ አስካለ ከፈረመች። ሙሉ ናት፤ ከሞተሩና ከኋላ ወንበሩ በቀር። ሞተሩን ፈልጋችሁ ታገኙ ይሆናል። የኋላ ወንበሩ ግን አይሸጥም።